«ይርሳው»፦ ማን፣ ምኑን ይርሳው?

ጥያቄው የመጣው አሜሪካ ተወልዳ ካደገች ወጣት ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ጋሼ፣ የቤተሰባችን ስም ይርሳው ነው። አባቴ የተወለደው ደንቢያ ነው፤ ያደገው ጎንደር ከተማ። እዚህ አገር እኔም፣ ወንድሞቼም፣ የወንድሜ ልጆችም ሁላችንም ይርሳው ነን። ከኛ ሌላ ግን በዚህ ስም የሚጠራ ሰው አላጋጠመኝም። የስም ትርጉም የሚሸጥ አንድ ድረ ገጽ ጥንታዊ የጎሳ ስም ነው፣ አርማም አለው ብሎ ሠላሳ ዶላር ጠየቀኝ። የአባቴ ጓደኛ ደግሞ ከርስት የመጣ ነው፣ ባለርስቶች ነበራችሁ አለኝ። አባቴ አርፏል። ስሙ ከየት መጣ? ትርጉሙስ ምንድን ነው? ስንት ሰው ይጠራበታል? ለጥምቀት ጎንደር ስመጣ ማንን ልጠይቅ?»

ልጄ፣ መጀመሪያ ሠላሳ ዶላርሽን ከቦርሳሽ አታውጪ። አርማው ላይ አንበሳና ጋሻ እንደሚኖር ሳላየው እገምታለሁ። ለሁሉም የሚሸጡት እሱኑ ነው።

ይርሳው የጎሳ ስም አይደለም። የቤተሰብ ስምም አልነበረም፤ የቤተሰብ ስም የሆነው አውሮፕላን ከተሳፈረ በኋላ ነው። ይርሳው አንድ ሰው ነው። ሲወለድ እናቱ ወይም አባቱ ያወጡለት ስም ነው። ያ ሰው የአባትሽ አባት ሊሆን ይችላል፣ የአባትሽ አያትም ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት የአባትሽን የድሮ ፓስፖርት ፈልጊ። ብዙ ጊዜ ሦስት ስም ታያለሽ፤ የራሱ፣ የአባቱ፣ የአያቱ። አሜሪካኖቹ መጨረሻ ላይ ያገኙትን ይዘው የቤተሰብ ስም አደረጉት። ሦስት ስም ካለ ይርሳው ቅድመ አያትሽ ናቸው። ሁለት ብቻ ካለ አያትሽ ናቸው።

እዚህ አገር ቢሆን ይህ ስም ሦስት ትውልድ ብቻ ነበር ወረቀት ላይ የሚቆየው። ይርሳው ራሱ ሲጠራበት አንድ፣ ልጁ ሲያስከትለው ሁለት፣ የልጅ ልጁ ሲያስከትለው ሦስት። የልጅ ልጁ ሲወልድ ይርሳው ከወረቀቱ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ የሚኖረው በሰው አፍ ነው። ጋብቻ ሲታሰብ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል አይደል? «የእገሌ ልጅ፣ የእገሌ ልጅ» እየተባለ ወደ ኋላ ሲወረድ ያኔ ብቅ ይላል። ሙሽራና ሙሽሪት ዘመድ አለመሆናቸው ሲረጋገጥ ተመልሶ ይተኛል።

የሚገርመው፣ ሕጋችን የቤተሰብ ስምን ያውቀዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 32 ላይ ማንኛውም ሰው የቤተ ዘመድ ስም ይኖረዋል ይላል። ሰዉ ግን አልሰማም። ስልሳ ዓመት አልፎት ዛሬም ጎንደር ላይ የምንጠራው በራሳችንና በአባታችን ስም ነው። ሴትም ብታገባ የባሏን ስም አትወስድም።

በዚህ ነገር ብቻችሁን አይደላችሁም። ከጎንደር ዙሪያ የሄዱት ቤተ እስራኤሎችም ይኸው ገጥሟቸዋል። ግንቦት 1983 ዓ.ም. በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰው በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰደ። ከወረዱ በኋላ ጸሐፊው የቤተሰብ ስም ሲጠይቅ ሰዎቹ የነበራቸው የአባትና የአያት ስም ነው። እሱው ተጻፈ። አንድ ገበሬ ደንቢያ ላይ ለልጁ ያወጣው ስም በአንድ ቀን የልጅ ልጆቹ ሁሉ መጠሪያ ሆኖ ቀረ።

አሁን ወደ ትርጉሙ እንግባ።

ግሱ ረሳ ነው። ግእዙ ረስዐ ይለዋል። በነገራችን ላይ ግእዝ ረሥአ የሚል ሌላ ግስም አለው፤ እሱ አረጀ ማለት ነው። ፊደላቸው ይለያያል፤ በዛሬ አፍ ግን አንድ ናቸው። ረሳና አረጀ እንዲህ ተመሳስለው መገኘታቸው፣ መነጽሬን ግንባሬ ላይ አድርጌ ለምፈልገው ለእኔ፣ በጣም ያስቀኛል።

«ይርሳ» ለሩቅ ወንድ የሚነገር ትእዛዝ ወይም ምኞት ነው። ይምጣ፣ ይብላ፣ ይግባ እንደምንለው። መጨረሻ ላይ ያለችው «ው» ደግሞ የሚረሳውን ነገር ታመለክታለች። እንግዲህ ስሙ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ነው። ባለቤቱ ግን አልተጠቀሰም። ማን ይርሳው? ምኑን ይርሳው? ጥያቄሽ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በጎንደርና በጎጃም እንዲህ ያሉ ስሞች ሞልተዋል። ይግዛው፣ ይርዳው፣ ይስማው፣ ይታየው። ሁሉም ግማሹ የተነገረ፣ ግማሹ በቤት የቀረ ንግግር ናቸው። ይግዛው ሲባል ምኑን እንደሚገዛ የሚያውቁት ስሙን ያወጡት ሰዎች ናቸው። ቤተ መንግሥትም ከዚህ አላመለጠም። እቴጌ ምንትዋብን ተመልከቺ። የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፣ የዙፋን ስማቸው ብርሃን ሞገሳ ነበር። ሕዝቡ ይዞት የቀረው ግን «ምን ትዋብ!» የሚለውን ነው። አንድ ሰው ሕፃኗን አይቶ አፉን የከፈተበት ቃል ነው የሚመስለኝ።

የይርሳው የመጀመሪያው ንባብ የታወቀው ነው። «ሐዘኑን ይርሳው።» ከዚህ ልጅ በፊት ሌላ ልጅ ሞቷል። ወላጆቹ አዲሱ ልጅ የበፊቱን እንዲያስረሳቸው ተመኝተዋል። እንዲህ ካነበብነው ይርሳው ብዙ ዘመድ አለው። ማስረሻ፣ አስረስ፣ ካሳ፣ ምትኩ፣ ተካ፣ ፈንታ። ሴት ስትሆን ካሳነሽ። ሁሉም አንድ ሰፈር የሚኖሩ ስሞች ናቸው። ዐፄ ቴዎድሮስ ቋራ ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ካሳ ነበር፤ ዐፄ ዮሐንስ አራተኛም ከመንገሣቸው በፊት ካሳ ነበሩ። አንድ ቤት ስሙን ለምን እንደመረጠ ቤቱ ነው የሚያውቀው፤ ቃሉ ግን የጎደለን መተካት ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ለሚያነብ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። ዮሴፍ ግብፅ ላይ የበኩር ልጁን ምናሴ ብሎ የጠራው፣ እግዚአብሔር መከራዬን አስረሳኝ ብሎ ነው። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ላይ ታገኚዋለሽ። ምናሴና ማስረሻ አንድ ሐሳብ ናቸው፤ አንዱ በዕብራይስጥ፣ አንዱ በአማርኛ። ይርሳው ግን ከሁለቱም ትንሽ ይለያል። ምናሴ ምስጋና ነው፤ መከራው አልፏል። ይርሳው ገና ልመና ነው። አላለፈም።

ሁለተኛውን ንባብ ያገኘሁት ከመዝገበ ቃላት አይደለም። ከዓመታት በፊት ስም እየሰበሰብኩ ቆላ ድባ አካባቢ አንድ ቤት ቡና ላይ ተቀመጥኩ። እማማ ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ። አዛውንቱ ባለቤታቸው መደብ ላይ ጋደም ብለዋል። የሚያቀርበን ወጣት ልጃቸው ይርሳው ይባላል። የሞኝ ጥያቄ ጠየቅሁ። «እማማ፣ ልጆችዎ ስንት ናቸው?»

«ያሉትን ነው የወለድኳቸውን?» አሉኝ።

ሰፌዱን አስቀመጡና ግራ እጃቸውን ዘረጉ። አውራ ጣታቸውን አጠፉ። «ይሄ ኩፍኝ።» ሌባ ጣታቸውን አጠፉ። «ይቺ ሰማንያዋ ሳይሞላ፣ ክርስትና ሳትነሳ።» መሀል ጣት ላይ ሲደርሱ አላጠፉትም። በሌላው እጃቸው ያዝ አደረጉት። «ይሄ ይርሳው።»

አባትየው ካሉበት ሳይነሱ ገቡበት። «ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እሷ ያለቀሰችው ለቅሶ ሌላ ነበር። ቀንም ሌትም። ልቧ ይርሳው ብዬ ነው።»

እማማ ወደ እሳቸው ዞሩ። «ምን ልቤ ይረሳል? ሞት ይርሳው ብዬ እንጂ ስሙን ዝም ብዬ የተቀበልሁ!»

አዛውንቱ ብድግ ብለው ተቀመጡ። ስንት ዘመን በአንድ ጣሪያ ሥር፣ በአንድ ስም አንድ ልጅ ሲጠሩ ኖረዋል። እሱ ሲጠራው ሐዘኑ እንዲረሳ ነው። እሷ ስትጠራው ሞት የልጁን ቤት መንገድ እንዲስት ነው። ልጁ ጀበናውን እንደያዘ ቆሞ ሁለቱንም ያያል። እሱም የሰማው ያኔ ነው።

ሰዋስዉ ሁለቱንም ይፈቅዳል። «ው» ሐዘኑ ሊሆን ይችላል፤ ልጁ ራሱም ሊሆን ይችላል። ባለቤቱ የእናቲቱ ልብ ሊሆን ይችላል፤ ሞትም ሊሆን ይችላል። አማርኛ «ይርሳው» ብሎ ዝም ይላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ የአንድን ስም ትርጉም የሚነግረኝ ሰው ሲያጋጥመኝ፣ እናትየውንም ጠይቀሃል ወይ እላለሁ።

ሦስተኛም አለ፤ እሱን በአጭሩ ልለፈው። «ቂሙን ይርሳው።» ወንድማማች በመሬት ተጣልተው፣ ወይም ደም ተቃብተው በሽማግሌ ከታረቁ በኋላ የሚወለድ ልጅ እንዲህ ሊባል ይችላል። የቤተሰብሽን ታሪክ ስትጠይቂ ይህን በር አትዝጊው።

የአባትሽ ጓደኛ ስላነሱት ርስት ደግሞ እንነጋገር። ሰውየው ክፉ አላሰቡም፤ ባለርስት መባል ያኮራል። ቃሉ ግን አይፈቅድላቸውም። ርስት የመጣው ወረሰ ከሚለው ነው። «ርስቱን ይውረሰው» ለማለት አማርኛ ይውረሰው ይላል፤ ይርሳው አይልም። አንድ የማውቃቸው ደብተራ ይህን ሲሰሙ «ቆይ!» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ግእዝ ወረሰን ሲያዝዝ «ይረስ» ይላልና «ው» ጨምርበት ሊሉ ይችላሉ። እሺ፣ ልጨምር። የሚወጣው ይረሰው ነው። ራዋ «ረ» እንጂ «ር» አይደለችም፤ ሳዋም «ሰ» እንጂ «ሳ» አይደለችም። በይርሳው ውስጥ ያለችው «ሳ» የረሳ ምልክት ናት። በግእዙ ረስዐ መጨረሻ ላይ የነበረችው «ዐ» ጠፍታ ድምፅዋን ለ«ሰ» ትታላት የሄደች ናት። ይህች አንዲት ፊደል ክርክሩን ትዘጋዋለች።

ስንት ሰው ይጠራበታል ላልሽው፣ ያ ድረ ገጽ ቁጥር ሰጥቶሽ ከሆነ አትመኚው። እንዲህ ያሉ ገጾች የሚቆጥሩት መጨረሻ ላይ የተጻፈውን ስም ነው። ደንቢያ ላይ አንድ ይርሳው የሚባል ሰው ስምንት ልጅ ቢወልድ፣ ለእነሱ ስሌት እሱ ይርሳው አይደለም፤ ልጆቹ ናቸው። የልጅ ልጆቹ ሲመጡ ደግሞ እንደየአጻጻፉ ይቀያየራል። ወደ ኋላ ሄደሽ መዝገብ ልፈትሽ ብትዪም ጎዳናው አጭር ነው። የልደት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። አያትሽን የመንግሥት የልደት መዝገብ ውስጥ አትፈልጊያቸው።

እኔ ግን ከደብተሬ የምነግርሽ አለ። የእድር ዝርዝር፣ የክፍል ስም መጥሪያ፣ የተዝካር ድግስ፣ ያገኘሁትን ሁሉ ስገለብጥ ኖሬያለሁ። ካሳ ገጹን ይሞላዋል። ማስረሻም አይጠፋም። ይርሳው አልፎ አልፎ ብቅ ይላል፤ ሲመጣም ብዙ ጊዜ በአባት ወይም በአያት ቦታ ነው። አሁን አንደኛ ክፍል የሚገቡ ልጆች ዝርዝር ላይ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ፋሽን አንዱ ምክንያት ነው፤ ዛሬ ስም ከመጽሐፍ ቅዱስና ከስልክ ላይ ይመረጣል። ሌላውን ምክንያት ግን እወደዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2000 በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ በሕይወት ከሚወለዱ 1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት ይህ ቁጥር 67 ሆኗል። አሁንም ብዙ ነው። ግን ጣቷን የማታጥፍ እናት በዝታለች። ሐዘን ከሌለ ይርሳው የሚባል ልጅም አይኖርም። ስሙን ያወጡት ሐዘኑ እንዲጠፋ ነው የተመኙት፤ ስሙ ጠፋ ብሎ ማልቀስም አይሆንም።

አንድ ነገር ልብ በይ። ሌላ ይርሳው ብታገኚ ዘመዴ ነው ብለሽ አትቸኩዪ። ሁለት ይርሳዎች የሚያገናኛቸው የደረሰባቸው ነገር እንጂ ደም ላይሆን ይችላል። በተቃራኒው ደግሞ የገዛ የአጎትሽ ልጆች በሌላ ስም ሊኖሩ ይችላሉ። አጎትሽ ወደ ውጭ ሲወጣ ወረቀቱ ላይ ሁለት ስም ብቻ ከነበረ፣ የአባቱ ስም ነው የቤተሰብ ስም የሆነው። ይርሳውን የያዙትም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጽፉት እንደየጸሐፊው ነው። «ይ»ን አንዱ በአይ፣ ሌላው በኢ ይጽፋታል። በኮምፒውተር ስትፈልጊ ሁለቱንም ሞክሪ። የእኔን የአባት ስም አንድ መሥሪያ ቤት አንዴ አሳስቶ ጽፎብኝ፣ ለማስተካከል የፈጀብኝ ጊዜ ከወንድሜ እንዳልዛመድ ሊያደርገኝ ምንም አልቀረው።

አሁን ስለ ጉዞሽ። ለጥምቀት መምጣትሽ ደግ ነው፤ ዘመድ ሁሉ ያኔ ይሰበሰባል። ጥር 11 ግን ማንንም አትጠይቂ። ሰው ሁሉ ፋሲለደስ መዋኛው ጋ ነው፤ ጆሮም ልብም የለውም። ጥር 12 ደግሞ የሚካኤል ታቦት ይገባል። ጥር 13 ሲነጋ ከተማው ጸጥ ሲል ጀምሪ። ደንቢያ በአዘዞ በኩል ሩቅ አይደለም፤ መንገዱ ሰላም መሆኑን ግን ከዘመዶችሽ ቀድመሽ ጠይቂ።

ወንዶቹን መጀመሪያ አትጠይቂ። ወንዶቹ የርስት ታሪክ ይነግሩሻል። የአባትሽን አክስት ወይም በዕድሜ የገፋች የቤተሰቡን ምራት ፈልጊ። ምራቶች ብዙ ያውቃሉ፤ ገና ሲገቡ የቤቱን ነገር ሁሉ ዝም ብለው የሰሙ ናቸው። «ይርሳው ማለት ምን ማለት ነው?» ብለሽ አትጠይቂ። እንዲያ ብለሽ ከጠየቅሽ «ስም ነዋ!» ነው የሚሉሽ። «ከይርሳው በፊት ማን ተወልዶ ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። የሕፃኑን ስም ከነገሩሽ፣ ሐዘን ነው። ከይርሳው በፊት ሁለትና ሦስት ከሞቱ፣ የእማማን ንባብ አስቢ፤ ሞትን እየለመኑት ነበር። ይርሳው የበኩር ልጅ ከሆኑ ወይም ከእሳቸው በፊት የተወለዱት ሁሉ ካደጉ ደግሞ፣ በዚያ ዓመት ማን ከማን ጋር ታርቆ እንደነበር ጠይቂ።

የክርስትና ስማቸውንም ጠይቂ። ወንድ በአርባ ቀኑ ሲጠመቅ ካህኑ ሌላ ስም ያወጣለታል፤ ወልደ ሚካኤል፣ ገብረ ማርያም የሚል። ለፍትሐትና ለተዝካር የሚጠራው እሱ ነው። ይርሳው ተብለው ኖረው በይርሳው አልተቀበሩም ማለት ነው። ይህን ስም ካገኘሽ ቤተ ክርስቲያኑም ሊያውቃቸው ይችላል፤ ካህናቱ ስለ ይርሳው ብትጠይቂያቸው ግን ራሳቸውን ይነቀንቃሉ።

ስትሄጂ ቡናና ስኳር ይዘሽ ሂጂ። ገና አቦሉ ሲቀዳ ጥያቄሽን አታውጪ። ስለ አሜሪካ ብርድ፣ ስለ ደመወዝሽ፣ ለምን እስካሁን እንዳላገባሽ ይጠይቁሻል፤ መልሺ። በረካው ሲደርስ ልጆቹ ወጥተው ይሄዳሉ፤ ቤቱ ዝም ይላል። ያኔ ጠይቂ፤ ጣታቸውንም እያየሽ።